ጋዙ ገባ ወይ ትላለች እማዬ

ሳሚዬ፣ ወንድሜ፣

ይሄን አንዴ ብቻ እመነኝ። እባክህ። ሁሌ «አንቺ እኮ የራስሽን ጥላም ትፈሪያለሽ» እያልክ ትስቅብኝ የለ፣ ያን ቀን ጠዋትም ዝናቡ እንደዛ እየወረደ ዛሬ ተራራው ላይ ለሥራ አትውጣ ስልህ ጃኬትህን እየለበስክ «ቲጂ፣ ዝናብ ሰው አይበላም» ብለህ ነው የወጣኸው። አሁን ግን ስቀህ እንዳታልፈኝ። ጋሽ በላቸውም አላመኑኝም፣ ማንም አላመነኝም፣ የቀረኸኝ አንተ ብቻ ነህ፣ አንተ ደግሞ… ብቻ ስማኝ። እማዬ ታውቃለች። እንደሞትክ ታውቃለች።

ከተለየኸን ሁለት ወር ሊሞላ ነው፣ አርባህም ወጥቷል፣ ለእሷ ግን እስካሁን መርዶህ አልተነገራትም። ያኔ የነበርክበት መኪና ከእንጦጦ ሲወርድ ተንሸራቶ ገደል የገባ ጊዜ እሷ የልብ ኦፕራሲዮን ተደርጋ ገና ዓይኗን በደንብ አልገለጠችም ነበር። ዶክተሩ ምንም የሚያስደነግጥ ነገር እንዳትሰማ አለ። ጋሽ በላቸውን ደግሞ ታውቃቸዋለህ፣ ታላቅ ወንድሟ እኔ ነኝ ካሉ አለቀ፣ «ድና እስክትነሳ አፉን የሚከፍት ሰው ወዮለት» ብለው ዘመዱንም ጎረቤቱንም አስማሉ። እናትህ ሳትኖር አፈር ለበስክ ወንድሜ። እኔ ከቀብር መልስ ፊቴን ታጥቤ፣ ጥቁሬን አውልቄ፣ ያቺን ቢጫ ሹራቤን ለብሼ ሀኪም ቤት ገብቼ አጥሚት አጠጣኋት።

«ሳሚስ?» አለች። ጋሽ በላቸው «ለሥራ ውጪ ሄዷል» አሉ። «ሳይሰናበተኝ?» «ድንገት የመጣ እድል ነው እህቴ።» «እሺ፣ ለምን አይደውልም?» እዛ ላይ የጋሼ ላብ ወረደ። ያዳንኳቸው እኔ ነኝ። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፣ አንተ የነገርከኝ ነገር ትዝ አለኝ፣ በረሃ መሀል ትልልቅ ሳህን የሚመስሉ ቴሌስኮፖች አሉ፣ ሬዲዮ ጣቢያ እንደሚይዝ ከሰማይ የሚመጣውን ይይዛሉ፣ የሚመጣው ነገር በጣም ደካማ ስለሆነ አጠገባቸው ስልክ መክፈት ክልክል ነው ያልከኝ። «እማ፣ እዛ ስልክ ክልክል ነው፣ ስልክ ከተከፈተ ጋዙ አይሰማም» አልኳት። እውነቴን ነው እኮ ሳሚ፣ አንድ ቃል አልጨመርኩም፣ ውሸቱ አንተ እዛ አለመሆንህ ብቻ ነው።

«የምን ጋዝ? ላምባ?» አለች ከነድካሟ። ሳቄ መጣ፣ ልቅሶዬም መጣ።

ከዛ ቀን ጀምሮ አለቀልኝ። እሷ እንደሆነ ነገር ከያዘች አትለቅም። ልጄ ምን እየሠራ ነው፣ ጋዙ ምን ሆነ፣ ዛሬስ ገባ ወይ። እኔ ሰባተኛ ክፍልን ያልጨረስኩ፣ ወሰን ሰፈር ሳሎን ውስጥ የሰው ፀጉር ስሠራ የምውል፣ ስለ ጥቁር ጉድጓድ አስረጂ ሆንኩ። የማውቀው ያው አንተ የነገርከኝን ነው። ሳሎኑ ድረስ ልትወስደኝ መጥተህ ያስተማርከኝ ትዝ ይልሃል? የሴትየዋን ፀጉር አጥቤ ስጨርስ መታጠቢያው ውስጥ ውሃ ከነአረፋው ተጠራቅሞ ነበር፣ አንተ እጅህን ሰደህ መድፈኛውን ነቀልከው። «እይ፣ እይ! ቀጥ ብሎ ገባ?» አልከኝ። አልገባም፣ አረፋው ዞረ፣ የተነቀለ ፀጉርም አብሮት ዞረ። ሴትየዋ ፎጣ ጭንቅላቷ ላይ እንዳለ «እኔ በብርድ ልሞት ነው እናንተ ሰማይ ላይ ናችሁ!» ስትል ሳሎኑ ሁሉ ሳቀ። አንተ ግን ምን ቆርጦህ፣ ቀጠልክ።

ጋላክሲ መሀል ትልቅ ጥቁር ጉድጓድ አለ፣ ብዙ ሚሊዮን ፀሐይ ቢጠቀጠቅ የሚያክል ክብደት ያለው፣ ሰው ሁሉ እንደ አቧራ መጥረጊያ ማሽን ያገኘውን የሚመጥ ይመስለዋል፣ እንደዛ አይደለም አልክ። ጋዙ ከሩቅ ይመጣል፣ ሲመጣ ይዞራል፣ እየዞረ እስካለ ድረስ አይገባም። እንዲገባ መዞሩን የሚወስድበት ነገር ያስፈልጋል። ጋዝ ከጋዝ ይፋተጋል፣ ይግላል፣ ሲግል ያበራል፣ አንዳንዴ እንደውም የዛ ጋላክሲ ኮከብ ሁሉ ተደምሮ የማያበራውን ያበራል። «ቲጂ፣ የሚያበራው ጉድጓዱ እንዳይመስልሽ» አልከኝ ታክሲ ስንጠብቅ፣ «የሚያበራው ሊገባ እየዞረ ያለው ነው።» እኔ የዛን ጊዜ የመገናኛ ታክሲ አምልጦኝ ተናድጄ ስለነበር «እሺ ይብራ» ብዬህ ተውኩት። ያቺን «እሺ ይብራ» ትቼ አንድ ሁለት ነገር ብጠይቅህ ምን ነበረበት። እማዬ ስትጠይቀኝ የምመልስላት አገኝ ነበር።

ደግሞ እንጦጦ፣ ኮከብ የምታጠኑበት ሥራ ቦታህ የወሰድከኝ ቀን፣ ያንን ሁሉ ዳገት በባህር ዛፉ መሀል እያለከለክኩ ወጥቼ፣ ጥቁር ጉድጓድ ልታሳየኝ ነው ብዬ በቆንጆ ልብሴ መጥቼ፣ ያሳየኸኝ ኮምፒውተር ላይ የተሰመረ መስመር። አንድ ቦታ ላይ ጉብ ያለ። «ይሄ ጉብታ ነው ጋዙ» አልከኝ። «ሰፋ ካለ ጋዙ በጣም እየሮጠ ነው ማለት ነው፣ ግማሹ ወደ እኛ፣ ግማሹ ከእኛ እየራቀ።» «ይሄንን ለማየት ነው ታኮ ጫማ ያደረግኩት?» ስልህ የሥራ ጓደኛህ ዮናስ ከወንበሩ ሊወድቅ ነበር በሳቅ። በኋላ እማዬ አልጋ አጠገብ ያለችው የልብ ማያ ማሽን ላይ ያው መስመር፣ ያው ጉብታ ሲመጣ ሲሄድ ሳይ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። ነርሷ «ደህና ናት እኮ፣ ምን ያፈዝሻል» አለችኝ።

ከሀኪም ቤት ከወጣች በኋላ ቤቱ ምን እንደሚመስል ልንገርህ። አንተ ክፍል የምተኛው እኔ ነኝ አሁን፣ ከእሷ ክፍል የሚለየን ያው አንድ ግድግዳ ስለሆነ ማታ ስትንቀሳቀስ እንድሰማት። አልጋህ አሁንም ሲጥ ሲጥ ይላል። ከጓሮ ያለው ባህር ዛፍ ተቆረጠ፣ ቆርቆሮው ላይ ሊወድቅ ነው ብለው፣ አሁን ፀሐይ ከሰዓት በኋላ እስከ ውስጥ ትገባለች። እማዬ እስከ በሩ ድረስ ትራመዳለች። ሽታዋ እንኳን አልተቀየረም፣ ቅባቷ ያው ነው። ጠያቂ ግን አይጠፋም። መጥተው ይቀመጣሉ፣ ስለ ኑሮ ውድነት ያወራሉ፣ ስለ ዝናቡ ያወራሉ፣ ስለ እሷ መድኃኒት ያወራሉ፣ ስምህ ጋ ሲደርሱ ዞር። ደግሞ ከሌላ በኩል ይመጣሉ፣ ደግሞ ስምህ ጋ ሲደርሱ ዞር። አንዱ ሌላውን በክርኑ ይነካዋል፣ ፊታቸው ይቀላል፣ ቤቱ ይሞቃል፣ መስኮት ክፈቺ ይሉኛል። እኔ በልቤ ይሄ እኮ የሳሚ ጋዝ ነው እላለሁ።

እማዬ ጎረቤታችንን እትዬ ዘነቡን «የእኔ ልጅ በረሃ ላይ ጋዝ ያግዳል» አለቻቸው አንድ ቀን፣ በኩራት። «እስካሁን አልገባም አሉ፣ ግትር ጋዝ ነው የገጠመው።» እትዬ ዘነቡ «ይገባል፣ እግዜር ያውቃል» ብለው ወጡ፣ ስከተላቸው ቧንቧው ጋ ቆመው ውሃውን ከፍተው ያለቅሳሉ፣ ድምፃቸው እንዳይሰማ። አርባህ ቀን ደግሞ ሲ.ኤም.ሲ ጋሽ በላቸው ቤት ተሰብስበን፣ ለእሷ የእሳቸው ጎረቤት ልጅ ሰርግ ነው ብለናት። ስመለስ «ሙሽራዋ ታምራለች?» አለችኝ። ታምራለች አልኩ። «ምን ለበሰች?» ነጭ ነዋ እማ። «አንቺስ ዓይንሽ ምን ሆነ?» ሽንኩርት ስናግዝ አልኩ። «በሰርግ ቀን ሽንኩርት?» አለችና ተወችኝ። ያኔ ነው መንቃት የነበረብኝ።

ከዛ ዮናስ መጣ ሊጠይቃት። ጋሽ በላቸው ግቢ ውስጥ አስቁመው አሰልጥነውት ነው ያስገቡት፣ በረሃ፣ ሳህን፣ ስልክ ክልክል። ምስኪን፣ ብርቱካኑን እንደያዘ ነው የተቀመጠው። እማዬ ግን ስለ ስልኩ አልጠየቀችውም። «አንተ ታውቃለህ፣ እሷ ፀጉር ሠሪ ናት» አለች፣ «እውነቱን ንገረኝ። ያ ሁሉ ጋዝ በመጨረሻ ይገባል?» ዮናስ «ሁሉም አይገባም እማማ» አላት። «ብዙው አፉ ጋ ሲደርስ በዛው ሙቀት ተገፍቶ እንደ ነፋስ ወደ ውጪ ይወጣል። ነፋሱ ሲበረታ ጋላክሲው ውስጥ ያለውን ሌላውንም ጋዝ ይጠርገዋል፣ ኮከብ የሚሠራበት እስኪጠፋ።» «የገባውስ?» አለች። «የገባው ይመለሳል?» ዮናስ እኔን አየኝ። እኔ መሬት አየሁ። «የገባው አይመለስም እማማ» አላት በቀስታ። «እሺ» አለች። ጋቢዋን ወደ ላይ ሳበች። ዮናስን እስከ ቁልቁለቱ ጫፍ ድረስ ስሸኘው ብርቱካኑ አሁንም እጁ ላይ ነበር።

ከዛ ወዲህ ስለ ጋዙ የምትጠይቀኝ ማታ ማታ ሆነ፣ እኔ ጨንቆኝ ስንቆራጠጥ። «ነይ፣ ቁጭ በይና ስለ ሳሚ ጋዝ አውሪኝ» ትላለች፣ የሰማችውን። ያንኑ መታጠቢያ፣ ያንኑ አረፋ። እያወራሁ እረጋጋለሁ፣ እሷ እጄን ይዛ ትሰማለች። እኔ እሷን የማባብል ነበር የሚመስለኝ ሳሚ። እኔ ነኝ እኮ ስባበል የከረምኩት።

አሁን ያጠፋሁትን ስማ። ስልክህ እኔ ጋ ነው። ከአደጋው ቦታ ሲያመጡልን መስታወቱ ተሰንጥቆ ነበር እንጂ ይሠራል። መዝጋት አቃተኝ። ስልክህ ተዘግቶ ብደውልልህ ያቺ ሴትዮ «ጥሪ አይቀበልም» እንድትለኝ አልፈለግኩም፣ እንዲጠራ ፈለግኩ፣ ሲጠራ አለህ። እና ቻርጅ እያደረግኩ ድምፁን አጥፍቼ አልጋህ ስር ያለችው የቆርቆሮ ሳጥን ላይ አስቀመጥኩት። እማዬ ስልክ ክልክል ነው ቢሏትም ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ ትደውልልህ ኖሯል። ስልክ የተከለከለበት በረሃ ውስጥ ስልክህ ይጠራል። አንድም ቀን ለምን ይጠራል ብላ አልጠየቀችኝም። እኔ ደግሞ ሥራ ስለምውል አላውቅም፣ ያልተመለሱትን ጥሪዎች ሳይ አንዴ ነክታው ነው፣ ሁለቴ ነክታው ነው እያልኩ ራሴን እሸነግላለሁ።

ዛሬ ሥራ አልገባሁም። ነገ ነው መርዶህ። ጋሽ በላቸው ዶክተሩን አስፈቅደው፣ ሽማግሌዎቹን አሳውቀው፣ ድንኳኑን ለእድሩ ተናግረው፣ ነርስም አብራ እንድትመጣ አድርገው ጨርሰዋል፣ ጎህ ሲቀድ ይመጣሉ። እሷ ምንም አልሰማችም። ጠዋት ሻይ ይዤላት በሩን ገፋ ሳደርግ መስታወቱ ፊት ቆማለች። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳለች ሳሚ። ጥለቱን ወደ ላይ፣ አንገቷ ስር፣ እንደ ሐዘንተኛ። ራሷን ታያለች። የበሩን ድምፅ ስትሰማ ገልብጣ አስተካከለችውና «ሻይው ስኳር በዛበት?» አለችኝ፣ ገና ሳትቀምሰው።

ሮጬ ወጥቼ ለጋሽ በላቸው ደወልኩ። «እንግዲህ ጀመረሽ» አሉኝ። «ነጠላ ስትለብስ ተጣሞባት ነው፣ የታመመ ሰው አይደለች? አንቺ ከልጅነትሽ ፈሪ ነሽ፣ ፍርሀትሽን በእሷ አታላክኪ።» ጋሼ ታውቃለች፣ በማርያም ታውቃለች፣ ዛሬ እንንገራት ስላቸው «መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው፣ ሰው በሌለበት ልቧ ቀጥ ቢል ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ፣ እስከ ነገ አፍሽን ያዢ» ብለው ዘጉብኝ።

ከምሳ በኋላ ክፍልህ ውስጥ ቁጭ እንዳልኩ ስልክህ በራ። «እማዬ» ይላል። ሳጥኑ ላይ ነዘረ፣ ቆርቆሮው ምን ያህል እንደሚጮህ ያኔ ሰማሁት፣ ዝርርር ይላል፣ ግድግዳው ማዶ ያለ ሰው አለመስማት አይችልም። ላነሳው እጄን ሰደድኩ፣ አነሳሁትስ ምን ልል ነው? ነዘረ፣ ነዘረ፣ ቆመ። ከግድግዳው ማዶ ስልኳን ኮመዲኖው ላይ ስታስቀምጥ ሰማኋት። ከዛ ጠራችኝ፣ በደህና ድምፅ፣ ዳቦ ግዢ እንደምትለኝ።

«ቲጂ።»

አቤት እማ።

«ሳሚ ከደወለልሽ ሳይመሽ ይደውልልኝ በይው።»

ለምን ሳይመሽ እማ?

«ነገ ቤቱ ሰው ይበዛበታል» አለች።

ማንም አልነገራትም። ማንም።

አሁን የምፈራው ገባህ? ዛሬ ብነግራትና ያቺ የተሰፋች ልቧ ባትችለው እናቴን የገደልኳት እኔ ነኝ። ባልነግራት ደግሞ ዛሬ ማታ እዛ ግድግዳ ማዶ ብቻዋን ይዛህ ልታድር ነው፣ እኔ እንዳልሰማት ትራሷን ነክሳ፣ ጎህ ሲቀድ ደግሞ ለሽማግሌዎቹ ስትል ገና እንደሰማች ሆና ልትጮህ። ለእኔ ስትል ይሄንን ሁሉ ጊዜ ሳታለቅስ የቆየች ሴት እኮ ናት። ልጇን ሳታለቅስ። እኔ ፈሪዋ እንዳልሰበር።

አይሆንም። ልገባ ነው። ስልክህን ወስጄ ጭኗ ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ ምንም አልናገርም፣ እጇን ይዤ እቀመጣለሁ። ነገ የምትመጣዋን ነርስ ለምኜያታለሁ፣ ቤቷ ወሰን ነው፣ ሳይጨልም እመጣለሁ ብላለች። ጋሽ በላቸው ይቆጡ። ከእሷ ጋር አብሬ አለቅስልሃለሁ፣ እናትህ ባለችበት፣ እንደ ሰው።

አልረሳህም ሳሚዬ። የሰው ፀጉር ባጠብኩ ቁጥር መድፈኛውን ስነቅል አረፋው እስኪያልቅ ቆሜ አየዋለሁ፣ ደንበኛ ቢቆጣም ይቆጣ። ልጅ ከወለድኩ ጋዙን እነግረዋለሁ፣ እንዴት እንደሚዞር፣ የሚያበራው የቱ እንደሆነ፣ ያንተው ነው ብዬ።

ግን እግሬ አልነሳ አለኝ። ያንተ ስልክ በግራ እጄ ነው፣ የእኔ በቀኜ። ፀሐይ ከግድግዳው ግማሽ ላይ ወርዳለች። ስልክ ክልክል ነው እንዳትለኝ፣ ያንን ያወራሁት እኔ ነኝ። እንደማትችል አውቃለሁ፣ አላበድኩም፣ ግን ከቻልክ፣ በማንም ቁጥር ይሁን፣ ሚስኮልም ቢሆን፣ አንዴ ጠርቶ ይቁም፣ ግቢ እንዳልከኝ እቆጥረዋለሁ። እማዬ ተነስታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፣ ይሰማኛል፣ እሷም እየጠበቀች ነው። ደውልልኝ ወንድሜ። ሳይመሽ ደውልልኝ።